ያገለገለ ብረትና ያልተከፈለበት ምክር

የዛሬው ትምህርታዊ ንግግራችን ስለ ሁለት ጉዳዮች ነው፤ አንደኛው ያገለገለ የሞተር ዕቃ እንዴት እንደሚፈለግ፥ እንዴት እንደሚመረመርና እንዴት እንደሚገዛ፤ ሁለተኛውም ነገሩን ከሚያውቅ ባለሙያ ዘንድ ሄዶ ያለ ዋጋ ምክር የሚጠይቅ ሰው ሊጠብቀው የሚገባው ሥርዓት ምን እንደ ሆነ ነው። ሁለቱ ጉዳዮች ሲሰሟቸው የተራራቁ ቢመስሉም፥ በእኛ አገር፥ ይልቁንም ከትልልቅ ከተሞች ርቆ በሚኖረው ወገናችን ኑሮ፥ እንደ ቀንበርና እንደ ሞፈር ተያይዘው የሚሄዱ ናቸው፤ ያገለገለ ዕቃ ያለ ምክር የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በጨለማ የሚቆጥር ነውና፥ ምክሩንም ያለ ሥርዓት የሚወስድ ሰው ከኋላው ለሚመጣው ጠያቂ በሩን ዘግቶ የሚሄድ ነውና።

ለምሳሌ መካነ ሰላምን እንውሰድ፤ ከባሕር ወለል በላይ 2600 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በወሎ በቦረና ደጋ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ በስተ ደቡብ ምዕራብ ምድሩ እየተቆረጠ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ደግሞ የለጋምቦን ደጋ አቋርጦ በአቀስታ በኩል ያልፋል። በዚህ አገር አንድ የጭነት መኪና ቆመ ማለት አንድ ባለ ንብረት ገቢ አጣ ማለት ብቻ አይደለም፤ የገበሬው ጤፍና ባቄላ ገበያ ሳይደርስ ቀረ፥ የነጋዴው ሱቅ ባዶውን አደረ ማለት ነው። የወፍጮ ሞተር ዝም ባለ ጊዜም እናቶች እህላቸውን አዝለው ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ይንከራተታሉ። አዲስ መለዋወጫ እንደ ልብ በማይገኝበት፥ ቢገኝም ዋጋው ከባለቤቱ አቅም በላይ በሆነበት ጊዜ፥ ከሌላ መኪና ተፈትቶ የወጣ ዕቃ መግዛት የሚያሳፍር ድህነት ሳይሆን የማስተዋል ሥራ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከባድ የኤክሳይስ ታክስ ከጣለ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፥ በእጅ ያለውን መኪና ጠግኖ ማቆየት የብዙዎች ዕጣ ፈንታ ሆኗል።

ነገሩን በራሴ ላይ ከደረሰው ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የወንድሜ አነስተኛ የጭነት መኪና ከቆላ እህል ጭና ዳገቱን ስትወጣ ሞተሯ ፈላ፤ ሲፈታም ቴስታታው፥ ማለትም የሞተሩን አናት የሚከድነው ብረት፥ ተሰንጥቆ ተገኘ። እኔም በችኮላ አውቶቡስ ተሳፍሬ አዲስ አበባ ገባሁ፤ የመኪናዋን ስምና የተሠራችበትን ዓመት ብቻ በቃሌ ይዤ፥ የሞተሩን ቁጥር ሳልጽፍ፥ ከአሮጌው ዕቃም ምንም ሳልይዝ፥ አንድ ሻጭ «ያው ነው» ያለኝን ቴስታታ ገዝቼ በጆንያ ጠቅልዬ ተመለስኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው ሆነብኝ።

መካነ ሰላም እንደ ደረስኩ ዕቃውን ሰው ሁሉ ወደሚያከብራቸው ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ወሰድኩት። እኒያ ሰው ቴስታታውን ገልብጠው በጣውላ ላይ አስተኙት፤ ከአሮጌው ሞተር የወጣውን ጓርኒሲዮን፥ ይኸውም በሁለቱ ብረቶች መካከል የሚነጠፈውን ስስ ንጣፍ፥ እንደ ማኅፈድ በጥንቃቄ ዘርግተው አለበሱት፤ ከዚያም በዘይት የጠቆረች ሌባ ጣታቸውን ከቀዳዳ ወደ ቀዳዳ ያዘዋውሩ ጀመር። ጣታቸው በየቀዳዳው ትገባና ትወጣ ነበር፤ ከአንዲቱ ዘንድ ስትደርስ ግን ቆመች። ጓርኒሲዮኑ ለውሃ መተላለፊያ በተበሳበት ቦታ ቴስታታው ድፍን ብረት ነበረ። «ልጄ፥» አሉኝ፥ «ይህችን ንጣፍ ይዘህ ሄደህ ቢሆን ይህን ሁሉ መንገድ ባልተመላለስክ ነበር። ብረቱ ደኅና ብረት ነው፤ የእኛ ግን አይደለም።»

ቀጥለውም ከካርቶን ላይ ቁራጭ ቀድደው የሞተሩን ቁጥር ጻፉልኝ፤ ከዚያ በታች ሌላ ምልክት ጨምረው፥ «የራሱን ካጣህ እንዲህ የተጻፈበትን ፈልግ፤ ይገጥማል ብዬ አስባለሁ፥ በእጄ ገጥሜ ግን አላየሁትም» አሉኝ። ገንዘብ ላወጣ እጄን ወደ ኪሴ ብሰድ እጄን ያዙኝ። «በአፌ ነገርኩህ እንጂ በእጄ አልሠራሁልህም። ሞተሩ ተነሥቶ ዳገቱን የወጣ እንደ ሆነ ግን መጥተህ ንገረኝ» አሉኝ። እሺ ብዬ አመስግኜ ሄድኩ። ያ «እሺ» ምን ያህል ዕዳ እንደ ነበረ በመጨረሻ እመለስበታለሁ።

እንደ እኒያ ሽማግሌ ያለ ጥበብ ላለው ሰው ምን ዓይነት ክብር እንደሚገባው በአገራችን ታሪክ የተፈተነ ጉዳይ ነው፤ ፈተናውም ከዚሁ ከምዕራብ ወሎ ደጋ አይርቅም። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ያሠሩት፥ ሰባት ቶን ያህል ይመዝናል የሚባለው ሴባስቶፖል መድፍ ገደሉንና ሸለቆውን ሁሉ በሰው ጉልበት ተጎትቶ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ደርሷል። ንጉሠ ነገሥቱ የብረትን ጥበብ እጅግ አድርገው የሚወዱ ነበሩ፤ ነገር ግን ጥበቡን መድፉን ከሠሩላቸው አውሮፓውያን ሠራተኞች ያገኙት በስጦታም በማስገደድም ነበርና፥ እርሳቸው በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ሲሰዉ ሠራተኞቹ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጥተው ሄዱ፤ መድፉ በአምባው ቀረ፥ ዕውቀቱ ግን ተበተነ። ከ40 ዓመት በኋላ፥ በ1900 ዓ.ም.፥ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ የተነሣበትን አውቶሞቢል አዲስ አበባ አስገብቶ ለዳግማዊ ምኒልክ አሳየ፤ በዚያው በ1900 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በእጁ ሥራ የሚተዳደረውን ቀጥቃጭ፥ ሸማኔና ሌላውንም ባለሙያ በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነገሩ። ሞተሩና የባለሙያው ክብር በአንድ ዓመት ተገናኙ ማለት ነው፤ ይህም ለዛሬው ትምህርታችን ታላቅ ምሳሌ ነው፤ ብረት ሊገዛ ይችላል፥ ብረቱን የሚያነሣው ዕውቀት ግን ከክብር ጋር ካልሆነ በአገር አይሰነብትም።

ከዚያ በኋላ፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የጠላት ወረራ ዘመን የመጡት የጣልያን መኪናዎችና ከነጻነት በኋላም በአገራችን የቀሩት ጣልያናውያን መካኒኮች ለጋራዣችን ቋንቋውን አወረሱት። ቴስታታ፥ ጓርኒሲዮን፥ ኩሽኔታ፥ ካንዴሌታ፥ ፍሪሲዮን፥ ቶርኖ፥ ጎማና ፍሬን ሳይቀሩ ከዚያ የመጡ ቃላት ናቸው። ይህን የምናገረው ለጌጥ አይደለም፤ ዕቃ የሚፈልግ ሰው የዕቃውን ስም ባለሙያው በሚጠራው ስም ካልጠራ አጠያየቁ ከመነሻው ስለሚጠምም ነው። ስሙን ካላወቅህ ደግሞ ዕቃው የሚሠራውን ሥራና የተቀመጠበትን ቦታ በግልጥ ተናገር፤ የማያውቁትን ስም በግምት ከመጥራት ይህ ይሻላል።

እንግዲህ ወደ ዕቃው እንግባ። የመጀመሪያው ትምህርት፥ የሞተር ማንነቱ በመኪናው ስም ሳይሆን በሞተሩ ቁጥር መሆኑ ነው። በመንገዳችን ሁሉ የምናየውን የአይሱዙ የጭነት መኪና እንውሰድ። ባንዱ መኪና ውስጥ 4ኤችኤፍ1 የተባለው ሞተር፥ በሌላው ውስጥ 4ኤችጂ1 የተባለው ሊኖር ይችላል፤ ሁለቱም ባለ አራት ሲሊንደር ናቸው፥ የፒስተኑም ጉዞ በሁለቱም 110 ሚሊ ሜትር ነው። የሲሊንደሩ ስፋት ግን በመጀመሪያው 112፥ በሁለተኛው 115 ሚሊ ሜትር ነው። የሦስት ሚሊ ሜትር ልዩነት በዓይን አይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን የአንዱ ፒስተን ለሌላው ከቶ አይሆንም። ስለዚህ ከቤት ከመነሣትህ በፊት በሞተሩ ብረት ላይ የተቀረጸውን ፊደልና ቁጥር በጨርቅ ወልውለህ ገልብጥ፤ ከሊብሬው ጋር አስተያይ፥ ሞተሩ ከዚህ ቀደም ተለውጦ ሊሆን ይችላልና፤ የሚቻል ከሆነም አሮጌውን ዕቃ፥ ከባድ ከሆነ ጓርኒሲዮኑን ይዘህ ሂድ። ናሙና ከያዘ ሰው ጋር ሻጩም አይከራከርም።

ሁለተኛው ትምህርት ምርመራ ነው። ቴስታታ የሚገዛ ሰው የተላገ ቀጥ ያለ ብረት በፊቱ ላይ በርዝመቱ፥ በጎኑና ከማዕዘን እስከ ማዕዘን እያጋደመ ከሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደ ሆነ ይመልከት፤ ትክክለኛው ልክ በስስ መለኪያ የሚታወቅ ሲሆን፥ የሚፈቀደው ጉብጠት ከአንድ ሚሊ ሜትር እጅግ ያነሰ ጥቂት ነገር ነው። በቫልቮቹ መቀመጫ መካከል ያለውን ጠባብ ቦታ በደንብ አጥቦ ይመርምር፤ ሙቀት የበዛበት ብረት አስቀድሞ የሚሰነጠቀው በዚያ ነውና። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ብረት ሲያይም ቀለሙ ምን እንደሸፈነ ይጠይቅ።

ኮሎዶካ፥ ማለትም የፒስተኖቹን መውጣትና መውረድ ወደ መዞር የሚለውጠው ዘንግ፥ የራሱ የሆነ ፈተና አለው። ቀደምት ባለሙያዎች ዘንጉን በገመድ አንጠልጥለው በትንሽ መዶሻ ቀስ ብለው ይመቱታል፤ ደኅና ዘንግ እንደ ቤተ ክርስቲያን መረዋ ድምፁ ጠርቶ ይረዝማል፥ ውስጡ የተሰነጠቀው ግን ድምፁ ታፍኖ ወዲያው ይሞታል። ሌሊት በማኅሌት ሰዓት የመረዋ ድምፅ ሲሰማ ያደገ የአገራችን ሰው ይህን ልዩነት ለመለየት ሌላ ትምህርት አያሻውም። ድምፁ ከጠራ በኋላም ልኩ መታወቅ አለበት፤ ዘንጉ በቶርኖ ቤት ስንት ጊዜ እንደ ተላገ፥ በ0.25፥ በ0.50 ወይስ በ0.75 ሚሊ ሜትር እንደ ቀነሰ በማይክሮሜትር ተለክቶ ካልታወቀ፥ ለእርሱ የሚሆነውን ኩሽኔታ፥ ማለትም ዘንጉ የሚዞርበትን መቀመጫ፥ መግዛት አይቻልም።

ሦስተኛው ትምህርት ደጋውን የሚመለከት ነው። በ2600 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የናፍጣ ሞተር በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር ግፊት ሲለካ፥ በባሕር ጠረፍ 30 ባር የሚያሳየው መለኪያ በመካነ ሰላም ወደ 22 ዝቅ ሊል ይችላል፤ ይህን ያላወቀ ሰው የፋብሪካውን መጽሐፍ ብቻ ተመልክቶ ጤነኛውን ሞተር «አልቋል» ብሎ ይፈርድበታል። አዲስ አበባም ከፍታዋ ከ2300 ሜትር በላይ ስለ ሆነ እዚያ የተለካው ቁጥር ከዚህኛው ብዙም አይርቅም። ዋናው ቁም ነገር ግን ሲሊንደሮቹን እርስ በርሳቸው ማስተያየት ነው፤ ሦስቱ ተቀራራቢ ሆነው አንዱ እጅግ ከወረደ ነገሩ የከፍታ ሳይሆን የድካም ነው።

አራተኛው ትምህርት ስለ ገበያው ነው። በአዲስ አበባ፥ ከመርካቶ ጋር ተያይዞ የሚገኘው ሶማሌ ተራ ያገለገለ የመኪና ዕቃ የሚፈለግበት ስመ ጥሩ ቦታ ነው፤ ተራ በተራ በተደረደሩት ሱቆች ሞተር፥ ካምቢዮ፥ በርና መብራት ተፈትቶ፥ ተለይቶና ተሰቅሎ ይታያል። በዚያ የሚሠሩት ብዙዎቹ በዓይናቸው አይተው ዕቃውን ከነዘመኑ የሚናገሩ ሊቃውንት ናቸው፤ ነገር ግን ገዢው ስለ ዕቃው ሦስት ነገር ሳይጠይቅ ገንዘብ አይቁጠር፤ ከየትኛው መኪና ወጣ፥ መኪናው ስለ ምን ቆመ፥ ካልገጠመስ በስንት ቀን ውስጥ ይመለሳል? ተገልብጦ የቆመ መኪና ሞተሩ ጤነኛ ሊሆን ይችላል፤ ፈልቶ የቆመ መኪና ግን ሰውነቱ እንጂ ሞተሩ አይታመንም። የመመለሱም ነገር በቃል ሳይሆን በደረሰኙ ጀርባ ይጻፍ። ባለቤቱ የማይታወቅ፥ ዋጋው ከልክ በታች የወረደ፥ ቁጥሩ የተፋቀ ዕቃ ከቀረበልህ እጅህን ሰብስብ፤ የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ መግዛት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ነው፤ ከሕጉም በፊት ኅሊና ይከስሳል፤ በርካሽ የገዛኸው የሌላው ሰው እንባ ነውና።

አሁን ወደ ምክሩ እንመለስ። ያለ ዋጋ የሚሰጥ ዕውቀት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በጉባኤ ቤት የኔታ ቅኔውንና ትርጓሜውን ሲያስተምሩ ከተማሪው ደመወዝ አይጠይቁም፤ በደሴ አጠገብ በቦሩ ሜዳ የመምህር አካለ ወልድ ጉባኤ የጸናው በዚሁ ሥርዓት ነበር፤ በወሎ መድረሳዎችም ሼሁ ኪታቡን ለደረሳው የሚያቀሩት እንዲሁ ነው። ታዲያ ተማሪውና ደረሳው እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀበሉ አልነበሩም፤ እንጨት ይለቅማሉ፥ ውሃ ይቀዳሉ፥ ከዚያም በላይ የተማሩትን ይዘው ተመልሰው ያሰማሉ። በጉባኤ ቤት መቀጸል የሚባለው ይህ ነው፤ መምህሩ ዘሩ መብቀሉን የሚያውቀው ተማሪው ቀጽሎ ሲያሰማው ነው። የመካኒክም ምክር ከዚህ ሥርዓት አይለይም።

ስለዚህ ጠያቂ ሆይ፥ አስቀድመህ ጊዜውን እወቅ። ባለሙያው መኪና ሥር ተኝቶ ቡሎን ሲፈታ፥ ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ሲመለስ፥ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ሳለ ስለ ሞተርህ አትጠይቀው፤ «ጋሼ፥ ሲመችዎት አንድ ነገር ልጠይቅዎት» ብለህ ቀን ውሰድ። ስትጠይቅም እውነቱን ተናገር፤ ከአንተ በፊት ሌላ ሰው ሞተሩን ፈትቶት ከሆነ፥ ውሃ ሳይኖረው ተነድቶ ከሆነ አትደብቅ። ኑዛዜውን የሚያጎድል ሰው ትክክለኛ ንስሓ እንደማይሰጠው ሁሉ፥ የሞተሩን ታሪክ የሚቆርጥ ሰውም ትክክለኛ ምክር አያገኝም፤ ጥፋቱም የመካሪው አይደለም።

ደግሞም በአፍ ምክርና በእጅ ሥራ መካከል ያለውን ድንበር ጠብቅ። ቃሉ ነጻ ቢሆንም መፍቻ አንሥቶ ኮፋኖውን ከከፈተ፥ ወይም ከአንተ ጋር ገበያ ሄዶ ዕቃ ከመረጠ፥ የዋለው ውሎ የእንጀራው ጊዜ ነውና ዋጋውን ሳይጠይቅህ ክፈል። ከአንዱ የሰማኸውን ወስደህ በሌላው ላይ አትፍረድበት፤ «እገሌ እንዲህ ብሎሃል» እያልክ ሁለት ባለሙያዎችን ማጣላት ወርቅ ላበደረ ጠጠር መመለስ ነው። በሩቅ ሆኖ በስልክ የመከረህ ሰው ቢሳሳትም አትክሰሰው፤ እርሱ ያየው በአንተ ዓይን ነውና።

መካሪውም ግዴታ አለበት። የማያውቀውን አላውቅም ማለት ውርደት ሳይሆን የሙያ መዓርግ ነው፤ ያላየውን አየሁ ከማለት «ይመስለኛል» ብሎ መናገር የታመነ ያደርገዋል። የሌላውን ባለሙያ ሥራ በባለቤቱ ፊት አያዋርድ። ከሁሉም ይልቅ፥ ገዢውን ወደ አንድ ሱቅ የሚልክ መካሪ ከሻጩ ዘንድ ድርሻ የሚቀበል ከሆነ አስቀድሞ ይናገር፤ ድርሻ መቀበል ሥራ ሊሆን ይችላል፥ ድርሻን ደብቆ ምክር መስጠት ግን ምክሩን ወደ ደላላነት መለወጥ ነው።

አሁን ዕዳዬን ልናገር። እኒያ ሽማግሌ በካርቶኑ ላይ የጻፉልኝን ምልክት ይዤ ሄድኩ፤ የራሱ ቢታጣ ሁለተኛውን አገኘሁ፤ ገጠመም፤ መኪናዋም ዳገቱን ወጣች። እኔ ግን በደስታዬ ብዛትና በኑሮ ግርግር ሄጄ አልነገርኳቸውም። ብዙ ወራት ካለፉ በኋላ በገበያ ቀን አገኙኝና ሰላምታው ሳያልቅ፥ «ያች መኪና እንዴት ሆነች?» አሉኝ። በእፍረት «ጋሼ፥ ልክ ገጥሞ ነበር» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና፥ «እኔ እኮ ስላልሰማሁ አልገጠመም ብዬ ነበር፤ እንዳንተው ቴስታታው የተሰነጠቀበት ሰው መጥቶ ሲጠይቀኝ የራሱን እስኪያገኝ ይቆይ ብዬ መለስኩት፤ መኪናውም እህሉን እንደ ተሸከመ ሳምንታት ቆመ» አሉኝ። ያ ሰው የከሰረው በእርሳቸው ምክር ሳይሆን በእኔ ዝምታ ነበር።

የዛሬው ንግግር ፍሬ ይህ ነው። ባለሙያው የሚነግረን ከዚህ ቀደም ሌሎች ሰዎች ተመልሰው የነገሩትን ነው፤ ዕውቀቱ የብዙ ሰው መዋጮ ነው፥ የመዋጮውም ገንዘብ ወሬው ነው፤ ገጠመ ወይም አልገጠመም፥ ሠራ ወይም አልሠራም የምትለው አንዲት ቃል ናት። በዚህ ዓመት ከአንድ መካኒክ፥ ከአንድ የወፍጮ ባለሙያ ወይም ከአንድ የቶርኖ ሠራተኛ ያለ ዋጋ ምክር ተቀብላችሁ ውጤቱን ሳትነግሩት የቀራችሁ አድማጮቻችን ብትኖሩ፥ በሚመጣው የገበያ ቀን ጎራ ብላችሁ ንገሩት፤ ምናልባት ከእናንተ ቀጥሎ በደጁ የቆመ ሰው መልሱን እየጠበቀ ይሆናል።